ሲቭ (የምጫወትበትን ሕዝብ) ብቀያይርም እሸነፋለሁ፤ የትኛውን ልያዝ? (ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2)

ጥቁር_ፈረስ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የዚህን የከተማ ግንባታና የጦርነት ጌም አዲስ እትም፣ ዴፊኒቲቭ ኤዲሽኑን፣ መጫወት ከጀመርኩ 4 ወር ሆነኝ። ከኮምፒውተሩ ጋር አልታማም፤ ሞደሬት የሚባለውን ደረጃ እያዛጋሁ አሸንፈዋለሁ። ኦንላይን ስገባ ግን ዱላ ብቻ ነው። ሁሉም ሰው በ1000 ነጥብ ነው የሚጀምረው፤ እኔ አሁን 780 ላይ ነኝ። መውረዱም አልቆመም።

መጀመሪያ ፍራንክስን ያዝኩ፣ ናይታቸው (ከባድ ፈረሰኛቸው) ጠንካራ ነው ስለተባለ። ተሸነፍኩ። ብሪተንስ፣ ተሸነፍኩ። ሞንጎልስ፣ በጣም ተሸነፍኩ። ቲውተንስን ለ2 ቀን ሞክሬ ተውኳቸው፤ የቲውተን ናይት እስኪደርስ ጌሙ ያልቃል።

የሚያናድደኝ ታሪኩ ሁሌ አንድ መሆኑ ነው። 5 ናይት አውጥቼ በኩራት እሄዳለሁ። ሰውየው 12 ይዞ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። ከየት አመጣቸው? ካስል ኤጅ (ናይት የሚከፈትበት 3ኛው ዘመን) የገባነው እኮ በ1 ደቂቃ ልዩነት ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ለጀማሪ የሚሆን ሲቭ የቱ ነው? ከ40 በላይ ናቸው፤ ሁሉንም ልሞክር ብል አረጃለሁ።

---

ዝም_ያለ_ቀስተኛ

ፍራንክስ።

---

ወሎሎ

ከላይ ያለው ወንድማችን እንደ ስሙ ነው፣ አትቀየሙት። ግን እውነቱን ነው። የፍራንክስ ፈረሰኛ 20 በመቶ ተጨማሪ ሕይወት አለው፣ የእርሻ ማሻሻያ በነፃ ይመጣላቸዋል፣ ካስላቸውም (ምሽጋቸውም) ርካሽ ነው። ብዙ እንድታስብ አያስገድዱህም። ለእኔ ቢጤው የተሠሩ ናቸው።

---

ግንበኛዋ

ጥቁር_ፈረስ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል፤ ግን አልፈኸው ሄድክ። «12 ናይት ከየት አመጣቸው» ያልከው ላይ ነው ጉዳዩ። ሲቩን ተወው።

አንድ ሥራ ልስጥህ። የመጨረሻ ሽንፈትህን ሪፕሌይ (የጌሙን ቅጂ) ክፈት። ውጊያውን አትይ። ዓይንህን ታውን ሴንተርህ (ሠራተኛ የሚወጣበት ዋና ሕንፃ) ላይ ብቻ አድርግ። ሠራተኛ ሳያመርት የቆመበትን ጊዜ በሰከንድ እየቆጠርክ ጻፍ። ከዚያ ተመለስና እናወራለን።

---

ጥቁር_ፈረስ

> ሠራተኛ ሳያመርት የቆመበትን ጊዜ

አመሰግናለሁ እህቴ፣ ግን የእኔ ታውን ሴንተር ሥራ አይፈታም። እሱን እንኳ አውቃለሁ። ሁሌ ሰልፍ አስይዤ ነው የምሄደው። ችግሬ ውጊያው ላይ ነው፤ ማይክሮ (ወታደሮቹን በየአንዳንዱ መምራት) አልችልም።

---

ግንበኛዋ

ሁላችንም እንደዚያ ብለናል። ቁጠር።

---

የድሮ_ተጫዋች

ይቺን ክር ሳይ ጊዜው ወደኋላ ወሰደኝ። እኔ 2ኛውን መጫወት የጀመርኩት በወጣበት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 1999 ነው። ያኔ ሲቮቹ 13 ብቻ ነበሩ። በ2000 ኮንከረርስ የሚባለው ማስፋፊያ ሲመጣ 5 ተጨመሩ፦ አዝቴክ፣ ማያ፣ ሀንስ፣ ኮሪያ፣ ስፔን። ለ10 ዓመት ያህል በእነዚያ 18 ብቻ ነው የተጫወትነው። ቢልድ ኦርደር (የመክፈቻ ሥራዎች ቅደም ተከተል) የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። በድንጋይ ግንብ ተከበን 1 ሰዓት ሙሉ ከተማ እንገነባለን፣ ከዚያ ሁላችንም ባንድ ጊዜ እንወጣለን። ማን እንዳሸነፈ እንኳ ትዝ አይለኝም።

ጌሙን የሠራው ኤንሰምብል ስቱዲዮስ በ2009 ተዘጋ። አለቀ ብለን ነበር። ያስነሱት ተጫዋቾች ናቸው። ፎርጎተን ኢምፓየርስ ብለው በትርፍ ጊዜያቸው የሠሩት ሞድ (የጌሙ ማሻሻያ) በ2013 ኦፊሴላዊ ሆነ፤ ዛሬ ላለው ሁሉ በር የከፈተው እሱ ነው። ስለዚህ ልጄ፣ 780 ነጥብ ብለህ አትበሳጭ። ይሄ ጌም የቆየው በነጥብ አይደለም።

---

ወሎሎ

ጋሼ እርስዎ በ1999 ይጫወቱ ነበር? እኔ ገና አልተወለድኩም። 11

---

አዲስ_ገቢ

11 ምንድን ነው? ሁሉም ሰው ቻት ላይ ይጽፈዋል።

---

ወሎሎ

ጌሙ ውስጥ ቻት ላይ 11 ብለህ ስትልክ የሳቅ ድምፅ ይወጣል። 14 ስትልክ ደግሞ «ጌሙን ጀምሩት እንጂ!» ብሎ ይጮሃል። የእኔ ስም ከ30ኛው ነው፤ በ1997ቱ የመጀመሪያው ጌም ቄሱ የሰው ወታደር ሲያስከዳ የሚያሰማው ድምፅ። በዚህች በ1 ቃል የተጣሉ ጓደኛሞች አውቃለሁ።

---

ጥቁር_ፈረስ

እሺ። ቆጠርኩ።

እስከ 16ኛው ደቂቃ 4 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ። 2 ጊዜ ነው የቆጠርኩት፤ መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።

ግንበኛዋ፣ ይቅርታ።

---

ግንበኛዋ

ይቅርታ አያስፈልግም፤ የእኔ የመጀመሪያ ቆጠራ ከ6 ደቂቃ በላይ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 1 ሠራተኛ ለመውጣት 25 ሰከንድ ይፈጃል። 290 ሰከንድ ለ25 ስታካፍል 11 ተኩል ገደማ ነው። 11 ሠራተኛ አልተወለዱልህም ማለት ነው። 1 ሠራተኛ ማሻሻያ ሳይኖረው በደቂቃ 20 ያህል ሀብት ያመጣል፤ እንጨት ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። ስለዚህ በየደቂቃው ከ220 በላይ ሀብት ይጎድልሃል። ናይት 60 ምግብና 75 ወርቅ ነው፤ ሲደመር 135። በ5 ደቂቃ ውስጥ 8 ናይት ጠፋብህ። ባንተ 5 ላይ 8 ጨምርበት።

13። ሰውየው 12 ነበረው አላልክም?

---

ወሎሎ

ኧረ ልጁን በቁም ቀበርሽው።

---

ጥቁር_ፈረስ

ለካ ከየትም አላመጣቸውም። እኔ ነኝ ያላመጣሁት።

የቆመባቸውን ቦታዎች ልጻፍ፣ ምናልባት ሌላም ሰው ይጠቅም ይሆናል።

መጀመሪያው ቤት ነው። 3 ጊዜ ቤት ሳልሠራ ፖፕ (የሕዝብ ቁጥር ገደብ) ሞላብኝ። አንደኛው ገና በ1ኛው ደቂቃ ነው! ከዚያ የዱር አሳማውን ለማምጣት የላክሁት ሠራተኛ በመንገድ ላይ ሞተ፤ እሱን ስመለከት ታውን ሴንተሩ ቆሞ ነበር። ከዚያ ምግብ አለቀ፣ 40 ሰከንድ ያህል። ትልቁ ግን ይሄ ነው፦ በ11ኛው ደቂቃ 3 ስካውት (ቀላል ፈረሰኛ) ገቡብኝ። ደንግጬ ደወሉን ደወልኩ። ሁሉም ሰው ሥራ ትቶ ወደ ውስጥ ገባ። ስካውቶቹ ዞር ዞር ብለው ሄዱ። እኔ ግን ሠራተኞቹን መልሼ ማሰማራቱን ረስቼ ስካውቶቹን በዓይኔ እየሸኘሁ ነበር። 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ።

የተገደለብኝ ሠራተኛ ዜሮ ነው። ዜሮ!

---

ዝም_ያለ_ቀስተኛ

ደወል ለትልቅ ሠራዊት ነው። ለ3 ስካውት አይደወልም።

---

ግንበኛዋ

ቀስተኛው 2 ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ ቀኑን መዝግቡልኝ።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። ሲጀመር 3 ሠራተኛና 1 ስካውት አሉህ፤ ታውን ሴንተሩ የሚይዘው 5 ነው። ከ1 ሠራተኛ በኋላ ሞላ ማለት ነው። ስለዚህ ጌሙ በጀመረ ቅጽበት ሠራተኞችህ ቤት ካልጀመሩ 25 ሰከንድ ላይ ትቆማለህ። ቤቱ 25 እንጨት ነው። 25 እንጨት ቆጥቦ ጌም የተሸነፈ ሰው ብዙ ነው።

ምግቡስ ለምን አለቀ? በግ ላይ ስንት ሰው ነበረህ?

---

ጥቁር_ፈረስ

4። ሌሎቹን ቶሎ ወደ እንጨት ልኬያቸው ነበር።

---

ግንበኛዋ

ይኸው። ሁሉም ሰው «6 በግ ላይ» ይላል፤ ለምን 6 እንደሆነ የሚናገር ግን የለም። ሠራተኛ 50 ምግብ ነው፣ 25 ሰከንድ ይፈጃል። ታውን ሴንተርህ በየሰከንዱ 2 ምግብ ይበላል ማለት ነው። በግ ላይ ያለ 1 ሠራተኛ በሰከንድ አንድ ሦስተኛ ያህል ምግብ ይሰበስባል። 6ቱ ሲደመሩ 2 ይመጣሉ። ልክ የሚበቃው ያህል። 4 ካደረግህ በመነሻው 200 ምግብ ትንሽ ትንፏቀቅና ትደርቃለህ።

ይሄን ካወቅህ በቃል መሸምደድ አይኖርብህም። ከ6ቱ በኋላ የሚመጡት 3 ወይም 4 ወደ እንጨት፣ ከዚያ 1 ሰው የዱር አሳማውን ያምጣ፣ ከዚያ ቤሪ። በጎቹን አንድ በአንድ እረድ፤ ሁለት ባንድ ጊዜ ካረድህ የሚጠብቀው ሥጋ እየበሰበሰ ይቀንሳል። 1 የዱር አሳማ 340 ምግብ ነው፣ ከ3 በግ ይበልጣል። ስለዚህ አትፍራው። ሠራተኛው 25 ሕይወት ብቻ ስላለው ሉም የሚባለውን ማሻሻያ ቀድመህ ብታሠራ ወደ 40 ያድግልሃል። አሳማውን 2 ጊዜ ወግቶ ወደ ታውን ሴንተር መሮጥ ብቻ ነው፤ ቆሞ ከታገለ ሞተ።

---

የድሮ_ተጫዋች

ልጆች፣ አትቆጡኝና እኔ በዚህ አልስማማም። ይሄን ሁሉ በሰከንድ ስትለኩት ጌም መሆኑ ይቀራል። ፋብሪካ ሆነ እኮ። እኔ የምወደው ካስሉን ኮረብታ ላይ ሳስቀምጥ፣ ከሥሩ ቤቶቹ ሲደረደሩ፣ ገዳሙ ውስጥ ቄሶቹ ሬሊክ (ቅዱስ ቅርስ) ይዘው ሲገቡ ማየት ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ከሆኑ የእኔ ከተማ ካንተ በምን ይለያል?

---

ግንበኛዋ

ጋሼ፣ የሚሉት ይገባኛል፤ ገንብቶ ማየት ለሚወድ ሰው ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም። ግን እሱ ከሰው ጋር ነው የሚጫወተው። የመጀመሪያዎቹ 8 ደቂቃዎች እጁ ላይ ሲለምዱ ነው ከዚያ በኋላ ለማሰብ ጊዜ የሚያገኘው። አሁን በጉን ሲያሳድድ ጠላቱ ምን እየሠራ እንደሆነ አያይም።

---

የድሮ_ተጫዋች

እሱስ እውነት ነው። እኔም በጉን ሳሳድድ ነው ያረጀሁት።

---

ብራና

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፣ ይቅርታ። ታሪክ ስለምወድ ነው ይሄን ጌም የምጫወተው፤ አንዳንዴም ያስቀኛል። ጎቶች በእጅ የሚተኮስ መድፍ ይዘው ይወጣሉ! በስፔን የነበረው የቪዚጎቶች መንግሥት በ711 መፍረስ ጀመረ፤ ባሩድ አውሮፓ የደረሰው ከዚያ ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አቲላ የሞተው በ453 ነው፤ አዝቴኮች ቴኖችቲትላንን የቆረቆሩት በ1325። እዚህ ግን በአንድ ማፕ ላይ ስለ ወርቅ ይጣላሉ።

አንዳንዱ ደግሞ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። አዝቴኮች ፈረስ የላቸውም፤ ከስፔኖች በፊት አገራቸው ፈረስ አልነበረምና። በስካውት ፈንታ የሚጀምሩት በኢግል ስካውት ነው፣ በእግሩ በሚሮጥ። ወታደሮቹም በየራሳቸው ቋንቋ ይመልሳሉ። በ2015 በአፍሪካን ኪንግደምስ ማስፋፊያ የመጡት ኢትዮጵያውያን አማርኛ ነው የሚናገሩት፤ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሠራተኛውን ደጋግሜ ስጫነው ጌሙን ረስቼው ነበር።

---

አዲስ_ገቢ

እነሱስ ለጀማሪ ይሆናሉ?

---

ብራና

ይሆናሉ። ቀስተኞቻቸው 18 በመቶ ፈጥነው ይወረውራሉ፣ ዘመን ባሻገርክ ቁጥር ደግሞ 100 ምግብና 100 ወርቅ ይሰጥሃል። ሾተል ያዦቹ ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ የመቱት አይተርፍም፣ እነሱም ከተመቱ አይተርፉም። ቀስት ፊት ለፊት እንዳትልካቸው።

አሁን ደግሞ ወደ ጥቁር_ፈረስ ልመለስ። አንድ ነገር አላነሳችሁለትም። 12 ናይት ላይ 12 ናይት ይዞ ቢሄድስ? ማን ያሸንፋል? ዕድል ነው። በ1302 ኮርትሬ ላይ የፈረንሳይ ባላባት ፈረሰኞች የተሸነፉት በፈረሰኛ አይደለም። ጦርና ዱላ በያዙ የፍላንደርስ እግረኞች ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ስኮትላንዶች ባኖክበርን ላይ ረጅም ጦር ይዘው እንግሊዞችን እንደዚያው አደረጉ። ጌሙ ይሄን ወስዶታል። ስፒርማን (ጦር የያዘ እግረኛ) 35 ምግብና 25 እንጨት ነው፣ ወርቅ አይነካም። በ1 ናይት ዋጋ 2 ስፒርማን አውጥተህ ይተርፍሃል። ፈረስ ላይ ተጨማሪ ጉዳት አለው። ወርቅህን ለሌላ ነገር ታውለዋለህ።

---

ዝም_ያለ_ቀስተኛ

ስፒርማን ቀርፋፋ ነው። ናይት ጥሎት ይሄዳል፣ ሠራተኛህን ይጨርሳል።

---

ብራና

ትክክል። ለዚህ ነው አጥር የሚያስፈልገው። ቤቶቹን እንኳ እንደ አጥር ደርድራቸው። ክፍቱ 1 በር ብቻ ከሆነ ስፒርማኑ መሮጥ አይጠበቅበትም።

---

ሌላ_ሰው

ለምን አራተኛውን አትጫወቱም? በ2021 ወጥቷል፣ ግራፊክሱም ያምራል።

---

ወሎሎ

ወንድም፣ ክሩን አትበጥስ።

---

ጥቁር_ፈረስ

ከ9 ቀን በኋላ ተመለስኩ።

በመጀመሪያ አርት ኦፍ ዋር ከሚባሉት መለማመጃዎች ኧርሊ ኢኮኖሚ የሚለውን ደጋገምኩ። የነሐስ ሜዳሊያ ለማግኘት 7 ሙከራ ፈጀብኝ። ብር እስካሁን አላየሁም። የኤች ቁልፍ ታውን ሴንተሩን እንደሚይዝ፣ የነጥብ (.) ቁልፍ ደግሞ ሥራ የፈታ ሠራተኛ እንደሚያሳይ አላውቅም ነበር። 4 ወር ሙሉ በማውዝ ስፈልግ ከረምኩ!

ከዚያ ኦንላይን ገባሁ። በፍራንክስ፣ ለቀስተኛው ክብር ስል። 5 ጌም ተጫወትኩ፣ 3 አሸነፍኩ። በመጨረሻው እስከ 16ኛው ደቂቃ የቆመው 1 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ነው። ስካውት ሲገባብኝ ደወል አልደወልኩም። 4 ሠራተኛ ብቻ ታውን ሴንተር ውስጥ አስገባሁ፣ ሌሎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። 1 ሠራተኛ ሞተብኝ። ይሙት።

ያንን ጌም ግን ተሸነፍኩ፣ በ38ኛው ደቂቃ። 2 ካስል ነበረኝ፣ እያንዳንዱ ስንት ድንጋይ እንደበላኝ ታውቃላችሁ። ሰውየው ትሬቡሼት (ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያ) አምጥቶ ከሩቅ እየወረወረ አፈረሳቸው። ካስሉ መልሶ አይተኩስም፤ ቆሞ ይመታል። ስሕተቱ ምን ላይ ነው?

---

ዝም_ያለ_ቀስተኛ

የትሬቡሼት ርቀት 16 ነው። የካስል 8፤ ሁሉንም ማሻሻያ ብትሠራ 11።

---

የድሮ_ተጫዋች

ይሄን እንኳ እኔም አውቀዋለሁ። ካስል ብቻውን አይዋጋም። ትሬቡሼት ተተክሎ ሳለ መሸሽ አይችልም፤ መታጠፍ አለበት። ፈረሰኞችህን በጎን አውጥተህ ከኋላ ግባበት። በ3 ናይት 1 ትሬቡሼት ቶሎ ይወድቃል። የሰውየው ሠራዊት ፊት ለፊት ካስልህን ሲያይ ማን ጀርባውን ያያል?

---

ጥቁር_ፈረስ

ጀርባው ላይ 20 ፓይክማን (የተሻሻለ ስፒርማን) አቁሟል ጋሼ።

---

የድሮ_ተጫዋች

እንግዲያው ሰውየው ይሄን ክር አንብቧል።

---

ግንበኛዋ

11

20 ፓይክማን ካሉ ፈረሱን ተው። ፍራንክስ መጥረቢያ ወርዋሪ አላቸው፣ ካስል ውስጥ ነው የሚመረተው፣ እግረኛን ከርቀት ይመታል። 2 ካስል ስለነበረህ ከሁለቱም ማውጣት ትችል ነበር። ሪፕሌዩን ላክልኝና ልየው። በተለይ ከ30ኛው ደቂቃ በኋላ ወርቅህ ስንት እንደነበር ማየት እፈልጋለሁ። 2,000 ወርቅ ይዘህ ሞተህ ከሆነ ግን እጣላሃለሁ።

---

ጥቁር_ፈረስ

2,340።

ልኬልሻለሁ።